የሳቢሃ ጣት በጠይባ ስም

ጠይባ አባዲኮ በዕድሜዋ ስንት ሰው እንደመታች አጋሮ ወርዳችሁ ብትጠይቁ ማንም በትክክል አይነግራችሁም። እኔ ባይኔ በብረቱ ያየኋቸው አምስት ናቸው። ስድስተኛው ማሽን ነው። ማሽኑን ስትፈጠፍጠው ከጎኗ ቆሜ ነበር፤ እውነቱን ልናገርና ልይዛት እጄን አልዘረጋሁም። በእመቤቴ፣ ትንሽ ብትዘገይ እኔው ነበርኩ የምፈጠፍጠው።

ብርሃንነሽ ወልደሰማያት እባላለሁ። አባቴ በመንግሥት ሥራ ከሸዋ መጥቶ እዚሁ የቀረ ጸሐፊ ነበር። እኔ ደግሞ ከንግድ ፈቃድ ቢሮው ፊት ለፊት በምትገኝ አንዲት ክፍል አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያና ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ይዤ ለሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ። ነጋዴው ፈቃዱን በኢንተርኔት እንዲያድስ ከታዘዘ ወዲህ እንጀራዬም እሱ ነው፣ በሽታዬም እሱ ነው። ሰው ፎርሙ እንቢ ሲለው ኮምፒውተሩን አይሳደብም፣ እኔን ነው የሚሳደበው። ለምጄዋለሁ፣ እኔም አፌ አያርፍም፣ እመልሳለሁ።

ጠይባ ቡና አቅራቢ ናት። ጀንፈል ቡና፣ ከነገለፈቱ የደረቀውን፣ ከገበሬው ትሰበስባለች፣ ታስፈለፍላለች፣ መጋዘኗ ውስጥ አርባ የሚሆኑ ሴቶች ቁጭ ብለው ይለቅሙላታል፣ ከዚያ በኬሻ አስፍታ ጅማ ትልካለች። ተወልዳ ያደገችው ጅሬን ነው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ላይ የአጋሮው ነጋዴ አባቦራ አገባት። አባቦራ አላህ ይዘንለትና ለዝንብ እንኳ የሚራራ ሰው ነበር፤ በቤቱ ውስጥ ቁጣው ሁሉ የሷ ድርሻ ሆነ። አንድ ደላላ ቡና ውስጥ ጠጠር ቀላቅሎ ሲያስመዝን ይዛው፣ ከባስኩላው ላይ የሚዛኑን ብረት አንስታ ግንባሩን ተረከከችው። ሌላው ሹፌር ነበር፤ አንዷን ለቃሚ ጡቷን ሲነካት አይታ በኬሻ መስፊያው ወስፌ መዳፉን ወጋችው። ደሙ ጆንያው ላይ ጠብ ጠብ ሲል እሷ ረጋ ብላ፣ «ይሄን ኬሻ ለይታችሁ አስቀምጡ፣ ዋጋ ያወርዳል» አለች። ከዚያ በኋላ ለቃሚዎቹ ለሷ ይሞቱላት ጀመር። የሰው ሴት ልጅ የሚቀጥር ነጋዴ ሁሉ እንዲህ ቢሆን ምን ነበረበት።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ፣ ምክንያቱም ጥፋቱ የሚጀምረው ከኔ ነው።

በ2001 ዓ.ም. አባቦራ ከመስጊድ ሲመለስ ደረቱን ይዞ ወደቀና በዚያው ቀረ። ጠይባ ኢዳ ተቀመጠች። ለማታውቁት፣ ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ቤቷን ዘግታ ትቀመጣለች፣ እንዲህ በቀላሉ ወጥታ ገበያ ቢሮ አትልም። በዚያው ሰሞን ቢሮው ማስታወቂያ ለጠፈ፤ ነጋዴ የሆነ ሁሉ በአካል ቀርቦ የቀኝ እጁን አሻራ በማሽን ካልሰጠ ፈቃዱ ይዘጋል። የአባቦራ ወንድሞች ደግሞ መጋዘኑ ላይ ዓይናቸውን ጥለዋል። እሷ አትወጣም፣ ፈቃዱ ይዘጋል፣ ከዚያ እኛ በስማችን እናወጣዋለን ብለው አድፍጠው ይጠብቃሉ። ወጥታ ብትሄድ ደግሞ፣ ገና የባሏ አፈር ሳይደርቅ ገበያ ወጣች ብለው ስሟን ሊያጠፉ ነው።

እኔ ላስተዛዝን ሄጄ ይህንን ሰማሁና ደሜ ፈላ። «ሳቢሃ ትሂድልሽ» አልኳት። ሳቢሃ ታናሽ እህቷ ናት፣ መልኳ ቁርጥ እሷን። «መታወቂያሽን ትያዝ፣ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ ታድርገው። ጣት ጣት ነው፣ ማን ያየዋል?»

ይቺ አፌ ምነው ያኔ በተቆለፈች።

ሳቢሃ ሄደች። ጸሐፊው ቀና ብሎም አላያትም። አምስቱን የቀኝ እጇን ጣቶች መስታወቱ ላይ አስጫናት፣ «ጠይባ አባዲኮ» ብሎ መዘገበ፣ ቀጣይ አለ። ስትመለስ ሦስታችንም ጓዳ ገብተን አፋችንን በነጠላ አፍነን ሳቅን፣ ለቅሶ ቤት ነዋ። የአባቦራ ወንድሞች አመድ ሆኑ። ፈቃዱ በጠይባ ስም ወጣ፣ መጋዘኑ ተረፈ። እኛም ያንን ቀን ረሳነው። ማሽን የማይረሳ መሆኑን ማን ነግሮን?

ሳቢሃ ቲጃኒ የሚባል ልብስ ሰፊ አግብታ ከጅማ ወዲያ ያለችው ሸቤ ከተማ ገባች። ቲጃኒ እጁ ወርቅ ነበር፤ ኮት ሲቆርጥ ጅማ ያሉ ሰፊዎች የሱን ቁርጥ ይቀዱ ነበር። ታዲያ ያ ወርቅ እጅ ማታ ማታ ሳቢሃ ላይ ያርፍ ነበር። በ2004 ዓ.ም. አንድ ቀን ሳቢሃ የፊት ጥርሷን በመሐረብ ጠቅልላ አጋሮ መጣች። ጠይባ እህቷን አጥባ፣ አብልታ አስተኛችና በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና ሸቤ ሄደች፣ ዘነዘና በነጠላዋ ስር ይዛ። ቲጃኒ ሱቁን ሲከፍት ነው የደረሰችበት። ቀኝ ክንዱን ሁለት ቦታ ሰበረችው።

ወጌሻ አሰረለት፣ ግን ተጣሞ ገጠመ። ሽማግሌ ተቀመጠ። እዚያ ሽማግሌ ፊት ሳቢሃ ማንም ያልጠበቀውን ተናገረች። «ጥርሴን የሰበረው እሱ ነው። እንጀራዬን የሰበረችው ግን እሷ ናት። ከዛሬ ወዲያ እህት የለኝም» አለችና ከባሏ ጋር ሄደች። ጠይባ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእህቷን ስም አትጠራም። ግን ከሸቤ የመጣ ሰው መጋዘኗ ከገባ፣ ወሬ አስመስላ አዙራ አዙራ ትጠይቅ ነበር። እኔ እየሰማሁ አንጀቴን ትበላው ነበር።

እንግዲህ 2010 ዓ.ም. መጣ። ፈቃድ እድሳት በኦንላይን ሆነ። ቁጥርህን ታስገባለህ፣ ፎርሙን ትሞላለህ፣ መጨረሻ ላይ ቢሮ ሄደህ ቀኝ አውራ ጣትህን ወይም ጠቋሚህን ማሽኑ ላይ ታደርጋለህ፣ አዲስ አበባ ያለው ኮምፒውተር አንተ አንተ መሆንህን ይናገራል። የመጨረሻው ቀን ታኅሣሥ ሠላሳ። ያን ዓመት ደግሞ አንድ ቀን መንገዱ በድንጋይ ይዘጋል፣ አንድ ሳምንት ኔትወርክ ይጠፋል። ሰው ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስቶ ይሰለፋል፣ ጸሐፊው ስድስት ሰዓት ላይ ወጥቶ «ሲስተም የለም» ይላል። አንድ የጌራ ሽማግሌ ሦስት ቀን ተሰልፈው በአራተኛው ቀን ከዘራቸውን በቢሮው መስኮት ላይ ወረወሩት። ሁላችንም አጨበጨብን። ጥበቃው ሽማግሌውን በአንገታቸው ይዞ ሲጎትታቸው ግን ጭብጨባው ቆመ።

ታኅሣሥ ሃያ ስድስት ቀን ኔትወርኩ መጣ። እኔና ጠይባ ገባን። ጸሐፊው ልዑል የሚባል ልጅ እግር ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ፣ ክፉ ልብ ግን የለውም።

«ማዘር፣ አውራ ጣት» አላት።

አስቀመጠች። ቀይ ጽሑፍ መጣ። ማንነት አልተረጋገጠም።

«እጅዎ ላብ አለው መሰለኝ። ይጥረጉና ጠቋሚዎን።»

ጠረገች፣ አስቀመጠች። ማንነት አልተረጋገጠም።

ያኔ ነው ያስታወስኩት። ማሽኑ የሚያውቀው የሳቢሃን ጣት ነው። ጠይባንም አየኋት፤ እሷም አስታውሳለች፣ ፊቷ አመድ መስሏል። ልዑል ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረና፣ «እርስዎ አይደሉም ይላል» አለ፤ እንደ ቀልድ።

«ማን ነው አይደለሽም የሚለኝ?»

«ሲስተሙ።»

«ሃያ ዓመት አጋሮ ላይ ቡና የሸጥኩ ሴትዮ፣ የዚህ ቢሮ ዘበኛ ልጅ ሲዳር ድንኳን የተከልኩ ሴትዮ፣ እኔ አይደለሁም?»

«ማዘር እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ እሱ ነው…»

«እሱ?» አለችና ማሽኑን ከነሽቦው መንጭቃ ወለሉ ላይ ፈጠፈጠችው። አልበቃትም፣ በጫማዋ ተረከዝ ደጋገመችው። ሁለት ጥበቃዎች ዘለው ያዟት፤ የአንዱን እጅ እስኪደማ ነከሰችው። ሌላው በዱላው ጀርባዋን ሲላት እኔም ሳላስበው የልዑልን ወንበር አንስቼ ጥበቃው ላይ ወረወርኩ። ወንበሩ ሳተው። ሰልፈኛው ኡኡ አለ። መጨረሻ ላይ ሁለታችንም መሬት ላይ ተቀምጠን፣ የሷ ሻሽ ተቀዶ፣ የኔ ከንፈር አብጦ ራሳችንን አገኘነው።

ልዑል እግዜር ይስጠው ፖሊስ አልጠራም። «አሮጌ ማሽን ነበር፣ ከጠረጴዛ ወደቀ ብዬ እጽፋለሁ፣ ሌላ አለን» አለ። ከዚያ ለብቻችን ጓሮ አወጣንና፣ «ምንድን ነው ነገሩ?» አለኝ። እኔም የሆነውን ሁሉ ዘረገፍኩለት። ግማሽ ላይ ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ።

«አልሰማሁም! ይሄን አለቃዬ ጋ ሄዳችሁ ብትሉ፣ ሁለቱም እህትማማቾች በሐሰት ማንነት ይከሰሳሉ፣ ፈቃዱም ይሰረዛል። አበቃ።» ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ነገር አለ። የድሮዋ ጣት አንዴ ትምጣና ትጫን። አንዴ ብቻ። ተረጋግጧል ካለ በኋላ አሻራ መቀየሪያ ይከፈታል፣ ያኔ የማዘርን አስገብቼ እዘጋዋለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ግን እስከ ሠላሳ ነው። ከሠላሳ በኋላ ፋይሉ ይቆለፋል።»

ፋይሉ ከተቆለፈ ፈቃዱ ሞተ ማለት ነው። መጋዘኑ ውስጥ ሦስት መቶ ኬሻ ቡና ተደርድሯል፤ ፈቃድ የሌለው ሰው ቡና አንዲት ኪሎ ከአጋሮ ኬላ አያልፍም። የአባቦራ ወንድሞች ደግሞ አርጅተዋል እንጂ አልሞቱም፤ ወሬውን ሰምተው በማግስቱ መጋዘኑ በር ላይ መጥተው ሲቆሙ አየኋቸው። ጠይባ ያ መጋዘን ከሄደባት ምንም የላት። ልጅ አልወለደች፣ ዘመድ የምትለው አንድ ነበራት፣ እሷንም አጥታለች። እኔ ያንን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጣት ጣት ነው ብዬ የመከርኩት እኔ ነኝ አይደል?

«ሸቤ እንሂድ» አልኳት።

«እህት የለኝም ያለችኝን?»

«አዎ፣ እሷኑ። ልትሞቺ ነው ወይስ ልትሄጂ ነው?»

ታኅሣሥ ሃያ ስምንት ጠዋት ጅማ ገባን፣ ከጅማ መናኸሪያ የሸቤን ሚኒባስ ያዝን። መንገድ ላይ ወጣቶች ድንጋይ ደርድረው ሁለት ጊዜ አስወረዱን፤ ጠይባ በኦሮምኛ አባብላ፣ ተቆጥታ፣ አንዱን በጆሮው ጎትታ አሳለፈችን።  ሸቤ ስንደርስ ክንዴን ጨብጣ፣ «ብርሄ፣ ዛሬ እጄን ከሰበሰብኩ ምስክር ሁኚኝ» አለች።

የቲጃኒ ሱቅ ባንድ በኩል ክፍት የሆነች የቆርቆሮ ቤት ናት። ፊት ለፊት የስፌት መኪና፣ ከጎኑ ብርድ ልብስ የተነጠፈበት ሰፊ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ ከኋላ መጋረጃ። ቲጃኒ ከሰል ካውያውን እያራገበ ነበር። ሲያየን አልደነገጠም። ወሬው ቀድሞናል፤ ጣቱ የማን እንደሆነ ደግሞ ሳቢሃ ታውቃለች።

«ጣት ፈልገሽ መጣሽ» አላት።

«አዎ» አለች ጠይባ። «አንድ ቀን ብቻ ስጠኝ። ነገ ወስጄ ነገውኑ እመልሳታለሁ።»

መጋረጃው ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ሳቢሃ ከኋላው እንዳለች አወቅን።

ቲጃኒ የቀኝ እጁን እጅጌ ሰበሰበ። ክንዱ ከክርኑ በታች ወደ ውጭ ተጣሟል፣ አንጓው ላይ እንደ ቋጠሮ ያበጠ ነገር አለ። «ስድስት ዓመት አንድ ቀን ክንድህ እንዴት ነው አላልሽም። ከዚያ ወዲህ ኮት ቆርጬ አላውቅም። መቀሱን የሚያህል ነገር አይነሳልኝም። የተቀደደ ሱሪ እጥፋለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ። ልጅ እግሩ ሁሉ ጠማማው ይለኛል። አሁን ደግሞ የሚስቴን ጣት ልትወስጂ መጣሽ?»

እውነት ለመናገር አሳዘነኝ። ሰውየው ክፉ ነው፤ ግን የተጣመመ ክንድ የተጣመመ ክንድ ነው። «ወንድም ቲጃኒ፣ ሽማግሌ እንሰይምና…» ብዬ ስጀምር በእጁ አስቆመኝ።

«ሽማግሌ አልፈልግም። ክንዷን ታምጣ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጥ። አንዴ ልምታ። ከዚያ ሳቢሃን ትውሰዳት። ወላሂ።»

ያሾፈ መስሎኝ ሳቅኩ። ማንም አልሳቀም። ጠይባ ነጠላዋን አውልቃ ለኔ ሰጠችኝ፣ ቀኝ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ጠቀለለች።

«አንቺ ሴት፣ ለየልሽ?» አልኳት። ጮህኩ መሰለኝ፣ ከውጭ ሰው ቆሞ ማየት ጀመረ። «በሱ እጅ ልትሰበሪ? ለወረቀት?»

«ለወረቀት አይደለም። አርባ ሴት አለብኝ። ደግሞም» አለችና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ ብርሄ። ሐቁ ነው። ዝም በይ።»

ክንዷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ምታ» አለችው። «ቢስሚላህ በልና ምታ። አንዴ ብለሃል፣ አንዴ።»

ቲጃኒ ካውያውን በግራ እጁ አነሳ። ቀኙ አይችልም። ከሰል የሞላው ብረት ነው፣ ከፍ ሲያደርገው ክዳኑ ስር ፍሙ ቀላ። እኔ ዓይኔን ልጨፍን አልኩ፣ አልጨፈን አለኝ። እሱ በሙሉ ኃይሉ አወረደው።

በዚያች ቅጽበት ሳቢሃ ከመጋረጃው ወጣች። እንዴት እንደደረሰች አላውቅም። «ኦቦሌቲ ኮ!» ብላ፣ እህቴ ማለቷ ነው፣ ቀኝ እጇን ከጠይባ ክንድ በላይ ዘረጋች። ካውያው መዳፏና ጣቶቿ ላይ አረፈ። አጥንት ሲሰበር ሰማሁ። ክዳኑ ተከፈተና ፍሙ እጇ ላይ ተደፋ፤ ብርድ ልብሱ መጨስ ጀመረ። ጩኸቷን መጻፍ አልችልም። ሥጋ ሲቃጠል የሚሸተውን ታውቃላችሁ፣ እሱ ነበር።

ጠይባ በባዶ እጇ ፍሙን ከእህቷ እጅ ላይ ትጠርግ ጀመር። እስከዚያች ደቂቃ፣ ወላዲተ አምላክ ምስክሬ ናት፣ ጠይባ ማንንም አልነካችም። እጇን ሰብስባለች። ሁሉም እዚያ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ቲጃኒ ግን ደንግጦ ይሁን ተናድዶ፣ «ማን ግቢ አለሽ!» ብሎ ሳቢሃን በጸጉሯ ይዞ ወደ ኋላ ጎተታትና ሆዷን በጉልበቱ መታት።

ከዚያ በኋላ ጠይባ የለችም፣ ሌላ ነገር ነው የነበረው። ካውያውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችና መንጋጋው ላይ አሳረፈችበት። ወደቀ። ከበላዩ ተቀመጠችና ደገመች። አምስት ጊዜ ቆጥሬያለሁ። ከኋላ አንገቷን አንቄ ስጎትታት በክርኗ ጎኔን ብላ ጣለችኝ፣ እስካሁን ስስቅ ያመኛል። ደሙ የስፌት መኪናው ላይ፣ የተሰቀለው የሰው ሱሪ ላይ፣ የኔ ፊት ላይ ነበር። ውጭ የቆሙት ሰዎች ገብተው ለአራት ነው ያስለቀቋት። አንደኛው እሷን ለማስጣል በመቀስ እጀታ ጭንቅላቷን መታት፤ ያኔ ነው ካውያውን የለቀቀችው።

ቲጃኒ አልሞተም። ወደ ጅማ በፒካፕ ተጭኖ ሄደ፤ መንጋጋው ደቅቋል፣ የግራ ዓይኑ ጠፍቷል። አዝኜለታለሁ ብል ውሸታም ነኝ።

ሳቢሃን ጤና ጣቢያ ወሰድናት። የነርሷ ስም ረሺዳ ነው፣ እጇን ስታየው ለደቂቃ ግድግዳውን ያዘች። አውራ ጣቷና ጠቋሚዋ ደቅቀዋል፣ ከመገጣጠሚያቸው መቆረጥ ነበረባቸው። የቀሩት ሦስቱ ጫፋቸው እስከ አጥንቱ ተቃጥሏል። ማደንዘዣው እየወሰዳት እያለ ሳቢሃ ወደ እኔ ዞረችና፣ «ብርሄ፣ ማሽኑ ግራዬን አይቀበልም?» አለችኝ።

ያኔ የሰጠችው ቀኟን ብቻ ነበር። ይህንን ልነግራት አልቻልኩም። «ይቀበላል» አልኳት። «ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን።» ፈገግ ብላ ተኛች። አሁንም ሌሊት ያንን ፈገግታ አያለሁና እነቃለሁ።

ጠይባን ፖሊስ ጣቢያ አገኘኋት። አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች፣ ግንባሯ ላይ ደም ደርቋል፣ የግራ መዳፏ ፍሙን ስትጠርግ ተልጧል። ቀኟ ደህና ነው። ቃሌን ልሰጥ እንደመጣሁ ስነግራቸው አንድ ወፍራም አሥር አለቃ ወንበር አመጣልኝ። ጠይባ ስታየኝ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ቲጃኒ አልነበረም።

«እጇስ?»

ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። ገባት። አፏን ከፍታ ድምፅ የሌለው ለቅሶ አለቀሰች። ሃያ ዓመት ሳውቃት ስታለቅስ ሳያት ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ አባቦራ ሲሞት እንኳ ጥርሷን ነክሳ ነበር። እኔም አብሬያት አነባሁ፣ ማፈር አልቻልኩም። አሥር አለቃው ጠብቆ ጠብቆ ሲሰለቸው፣ «በቃ እናቴ፣ ይነሱ» አላት።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ወፍራም ወረቀትና ጥቁር ቀለም የነካው ስፖንጅ ነበር።

«ስም?»

«ጠይባ አባዲኮ።»

«አድራሻ?»

«አጋሮ።»

ቀኝ እጇን ያዘና አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ አንከባለለ። ጠቋሚዋን፣ መሐለኛውን፣ ቀለበት ጣቷን፣ ትንሿን። ወረቀቱ ላይ አምስት ጥርት ያሉ ጥቁር ክቦች ቆሙ፣ ከላያቸው ስሟ በብዕር ተጽፎ። ጠይባ ጎንበስ ብላ ተመለከተቻቸው። 

«ይሄ እኔ ነኝ ይላል?» አለች።

አሥር አለቃው የምታላግጥ መስሎት ቀና ብሎ አያት። «ሌላ ማን ሊሆን ነው?»

«ማኅተም አለው?»

«አዎ፣ ይመታበታል።»

ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። እንዲያ ያለ ተስፋ በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም፣ ዳግመኛም ማየት አልፈልግም። «ብርሄ፣ ዛሬ ገና ሃያ ስምንት ነው። ሁለት ቀን አለን። ይሄንን ወረቀት ይዘሽ ልዑል ጋ ሩጪልኝ። መንግሥት ራሱ ጣቷ ነው ብሎ ማኅተም መትቷል በይው፣ ማሎ፣ እባክሽ!»

አሥር አለቃው ወረቀቱን አንስቶ ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ እፍ አለበት። «ይሄ ከዚህ አይወጣም» አለና ፋይሉ ውስጥ ከተተው።